ዲስኩ ተቀየረ፣ ኮምፒውተሩ አኮረፈ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ እህቴ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ጥግ ላይ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የማትጠፋ የከሰል ምድጃ። አንድ የጥቅምት ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ደወለች።

«ኮምፒውተሩ ሞተ።»

«የቱ?»

«አዲስ ዲስክ ያስገባንለት። ሠሪው ኤስኤስዲው ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዢ ብሎኛል። ካልሆነም ፎርማት አድርገን እንሞክር አለ።»

«ማንም እንዳይነካው። መጣሁ።»

ስደርስ ደንበኛ በር ላይ ተሰልፏል። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከላይ በግራ በኩል አንዲት ነጭ መስመር ተጽፋለች፤ ባጭሩ «የምነሳበት ዲስክ አጣሁ» ትላለች። ሠሪው ልጅ ፈጣን ነው፣ እጁም ደህና ነው። ችግሩ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ፎርማት።

ፎርማት ማለት በሩ አልከፈት ሲል ቤቱን ከነዕቃው አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። ይሠራል፣ ማን አይሠራም አለ? ግን ቁልፉ ጎረቤት ጋ ቢሆንስ? እኔ እስካሁን ካየኋቸው፣ ዲስክ ተቀይሮላቸው አልነሳ ካሉ ኮምፒውተሮች፣ በእውነት የተቃጠለ ዲስክ የነበራቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት አድራሻ ነው የጠፋባቸው።

ዘንድሮ ደግሞ ዲስክ የማያስቀይር የለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩም፣ ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። እኔ እጅ የሚገቡት ላፕቶፖች ግን 4ኛና 6ኛ ትውልድ ናቸው። አዲስ ለመግዛት አቅም የለም። ስለዚህ ባለቤቱ «ቢያንስ ይፍጠንልኝ» ይልና የድሮውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው፣ የሚሽከረከር ነገር በሌለው ዲስክ ያስለውጣል።

በእርግጥም ይፈጥናል። የድሮ ላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ እየተሽከረከረ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሰካ ተራ ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ የሚነሳ ኮምፒውተር ስኳሩ ሳይሟሟ ይነሳል። ኤስኤስዲ ማስገባት ግን ዊንዶውስ 11 አያስፈቅድም፤ ይህን ቀላቅለው የሚሸጡ ስላሉ ነው የምለው። ዊንዶውስ 10 ላይ የሚቆይ ሰው ለግል ተጠቃሚ የተዘጋጀውን ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ ቢመዘገብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ያገኛል።

ለእኛ ለደገኞች ብቻ የሚሆን አንድ ምክንያትም አለ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለችው ማንበቢያ ጭንቅላት ሳህኑን አትነካውም። ከሳህኑ በላይ፣ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች ጊዜ በምታንስ ክፍተት፣ አየር ላይ ተንሳፍፋ ነው የምትሄደው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ትራሱም ይሳሳል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች አየር ያለበትን ዲስክ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ብቻ ይሠራል ብለው የሚጽፉት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠርዙ ላይ ነን። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጓሳ ላይማ 3,200 ሜትር አልፈን ሄደናል። መንዝ የገባ ዲስክ ሁሉ ይሞታል ማለቴ አይደለም፣ ዓመታት የሠሩ አይቻለሁ። ግን ኤስኤስዲ የምትንሳፈፍ ጭንቅላት የለውም። ጓሳም ውጣ ሸዋ ሮቢት ውረድ፣ ለእሱ ያው ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ማብሪያውን ስትጫኑ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ የምትኖር ትንሽ ፕሮግራም ናት። የድሮዋ ባዮስ ነች፣ አዲሷ ዩኢኤፍአይ ትባላለች፤ ሰፈር ውስጥ ግን ሁለቱንም ባዮስ ነው የምንላቸው። ራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን ትፈትሽና ዊንዶውስን ፍለጋ በያዘችው ምልክት ትሄዳለች። እኛ ለእንግዳ ቤት እንደምንጠቁመው ነው፦ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴው በር»። ዲስክ ስትቀይሩ በሩን ሌላ ቀለም ቀብታችሁታል። እንግዳው መንደሩ ደርሶ በር አጥቶ ቆሟል።

ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም። እንግዳው የት ድረስ ደረሰ?

ከቤቱም ካልወጣ፣ ማለትም መብራት የለም፣ ፋን አይዞርም ከሆነ፣ ዲስኩን አትውቀሱት። ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር እንኳ ይበራል። ላፕቶፕ ከሆነ ዲስኩን ለመቀየር የተነቀለው የባትሪ ገመድ በደንብ አልገባም ይሆናል። ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅላችሁ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ በቻርጀር ብቻ ሞክሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኬዙ ማብሪያ ወደ ማዘርቦርዱ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ እዩ። እጅ ሲገባና ሲወጣ የምትላቀቀው እሷ ናት። አዲሱን ዲስክ ነቅላችሁ ስትሞክሩ ከበራ ግን ጥፋቱ ዲስኩ ወይም ገመዱ ጋ ነው።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ድርግም ካለ ወይም ጢጥ ጢጥ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ራሙ ነው። ዲስክ ሲገባ ተነክቶ ትንሽ ተነቅሎ ይሆናል። አውጡት፣ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ ጠቅ እስኪል መልሳችሁ አስገቡት። በነገራችን ላይ በጋ ላይ፣ ብርዱም ድርቀቱም ሲበረታ፣ ኮምፒውተር ዝተት ወይም ባና ላይ አስቀምጣችሁ አትክፈቱ። ማታ ብርድ ልብስ ስትገፉ ብልጭ የምትለዋ እሳት ራም ለማቃጠል ትበቃለች። እንጨት ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና፣ ከመጀመራችሁ በፊት ከመሬት ጋር የተያያዘውን የኬዝ ብረት ንኩ።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ከወጣ ደስ ይበላችሁ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ እየተናገረ ነው። አሁን ባዮስ ውስጥ እንግባ። ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ላይ እንደ ሞዴሉ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2፤ ማሽኑ ሲበራ ደጋግሞ መጫን ነው። እዚያ የዲስኮች ዝርዝር አለ። አዲሱ ዲስክ ስሙ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? ቀሪው ሥራ ሁሉ በዚህ መልስ ይከፈላል።

ካልተጻፈ ነገሩ የአካል ነው። ዴስክቶፕ ላይ ዲስኩ ሁለት ገመድ ይፈልጋል። 7 እግር ያላት ጠባቧ የመረጃ ናት፣ 15 እግር ያላት ሰፊዋ የኃይል። አንዷን ረስቶ ኬዙን በብሎን ያሰረ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ማስቲካ የምትመስለዋ ኤም.2 ኤስኤስዲ ናት ሰውን የምታሞኘው። ብዙዎቹ 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት አላቸው፣ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ቋንቋቸው ግን ሁለት ነው። አንዷ ሳታ ትናገራለች፣ አንዷ ኤንቪኤምኢ። ጥርሷን እዩ። በሁለት በኩል የተሰነጠቀችው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ናት፣ በአንድ በኩል ብቻ የተሰነጠቀችው ኤንቪኤምኢ። ሳታ ብቻ የሚሰማ ላፕቶፕ ላይ ኤንቪኤምኢ ብትሰኩ አንዳንዴ ቁጭ ብላ ትገባለች፣ ባዮስ ግን አያያትም። ሻጩ «ተሰክታለች እኮ» ይላል። መሰካትና መግባባት ለየቅል ናቸው። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ገዝቶ ከመመለስ፣ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ጽፎ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ስሙ ከተጻፈ ዲስኩ በሕይወት አለ። የእህቴም እንደዚያው ነበር። ባዮስ ውስጥ ስገባ 240 ጊጋባይቱ ኤስኤስዲ ስሙንና መጠኑን አሳምሮ ተቀምጧል። «ተቃጥሏል» የተባለው እሱ ነው።

«ትናንት ሠርቷል?» አልኳት።

«ሁለት ቀን እንደ ፈረስ ሲጋልብ ነበር።»

«ከዚያስ ምን ነካችሁ?»

ዝም አለች። ቀጥላ ወደ መሳቢያው አየች። የድሮው ሃርድ ዲስክ እዚያ ነበር። ማታ ኬዙን ከፍታ አውጥታዋለች። «ዊንዶውሱ አዲሱ ላይ ነው ተባልኩ፣ ይሄ ምን ይሠራል ብዬ። ለልጁ ፊልም መያዣ ላደርገው ነበር።»

መልሼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ተነሳ። በሩ ላይ የቆመ አንድ ተማሪ አጨበጨበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠሪው ዊንዶውስ ሲጭን የድሮውን ዲስክ አልነቀለውም። የዊንዶውስ መጫኛ ሰነፍ ነው። ሌላ ዲስክ ላይ የተዘጋጀ የማስነሻ ክፍል ካገኘ፣ አዲስ አይሠራም፣ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው ያስቀምጣል። ዊንዶውሱ ራሱ ኤስኤስዲው ላይ ተጫነ። የሚያስነሳው ቁልፍ ግን 100 ሜጋባይት በምታህል ስውር ክፍል፣ የድሮው ዲስክ ላይ ቀረ። ሁለቱ አብረው እስካሉ ማንም አያውቅም። አንዱ ሲወጣ ቤቱ እዚህ፣ ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ይሆናል። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ኮምፒውተሩ በእርግጥ ይነሳል፤ የተጫነው ሁሉ፣ የሁለት ቀን የደንበኛ ሥራም አብሮ ይሄዳል፣ «ኤስኤስዲው ነበር» ተብሎም ይታመናል።

ፈውሱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የድሮው ዲስክ እንደተሰካ ዊንዶውሱን አስነስቼ፣ ከኤስኤስዲው ጫፍ ትንሽ ቦታ ቆረጥኩ። እሷን የማስነሻ ክፍል አድርጌ በፋት32 ፎርማት አደረግኳት። አዎ፣ ይህችን ፎርማት እኔም አድርጌያለሁ፣ ባዶ ቦታ ነበረችና። ከዚያ ቢሲዲቡት በምትባለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን ወደዚያ አስገለበጥኩ። አጥፍቼ የድሮውን ነቅዬ አበራሁት። ተነሳ። ሠሪው ልጅ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ያቺን ትእዛዝ ጻፍልኝ» አለ። የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት፣ በስልኩም ፎቶ አነሳት። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ ሲጭን መጀመሪያ ሌላውን ዲስክ ይነቅላል። ለነገሩ ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ያ መንቀል ብቻ ነበር።

ባዮስ ዲስኩን እያየ አለመነሳቱ ግን ሌሎች መልኮችም አሉት። አንዱ የድሮና የአዲስ ሥርዓት ግጭት ነው። የድሮው ባዮስ ኤምቢአር በሚባል አከፋፈል ከተዘጋጀ ዲስክ ይነሳል፤ ዩኢኤፍአይ ደግሞ ጂፒቲ የሚባለውን ይፈልጋል። ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ላለ ዲስክ አይበቃም። የድሮ ዲስካችሁን እንዳለ ገልብጣችሁ ሌላ፣ አዲስ ማሽን ላይ ከሰካችሁት አልግባባም ሊል ይችላል። ባዮስ ውስጥ ሌጋሲ (የድሮው ሥርዓት) የሚል ምርጫ ካለ እሱን ማብራት ጊዜያዊ መላ ነው። ዘላቂው ዲስኩን ወደ ጂፒቲ መለወጥ ነው። ለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለች፣ መረጃ ሳትነካ የምትለውጥ ትእዛዝ አለች። አብዛኛው ሠሪ አያውቃትም፣ ወይም ለመጠቀም ጊዜ የለውም። ፎርማት ይፈጥናላ።

ዲስክ ገልብጦ መቀየር ራሱ ወጥመድ አለው። ዊንዶውሱ ያለበትን ክፍል፣ «ሲ»ን ብቻ የገለበጠ ሰው ስውሯን የማስነሻ ክፍል ትቷታል። የሚገለበጠው መላው ዲስክ ነው። ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ ሁለቱን አብራችሁ አታስነሱ። ሁለቱም አንድ ዓይነት መታወቂያ ስለሚይዙ ዊንዶውስ ግራ ይገባዋል፣ አንዱን ያሰናክላል። መጀመሪያ አዲሱን ብቻ። ግልበጣው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ መብራታችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዴስክቶፕ ላይ ከሆነና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ከሌላችሁ፣ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ አስገልብጡት።

ሌላው በጣም የሚያስቀኝ ነው። ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ሲአር2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ የምትይዘው እሷ ናት። ያረጀ ማሽን ላይ ሞታ ትቆያለች፣ ሶኬቱ እስካልተነቀለ ማንም አያውቅም። ዲስክ ሊቀየር ሶኬቱ ሲነቀል ባዮሱ ሁሉን ይረሳል። ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይሄዳል። ዲስኩን የሚያነብበት መንገድም ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ሊቀየር ይችላል። ዊንዶውስ ለዚያ አልተዘጋጀምና በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። ሰው ዲስኩን ይከሳል። ጥፋተኛዋ ባትሪዋ ናት። ማሽኑ ሲነሳ ቀኑ ከተዛባ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ፣ ምርጫውንም ወደነበረበት መልሱ።

ከሁሉ የከፋው ግን የመንዙ መምህር ወዳጄ የገጠመው ነው። ላፕቶፑ 8ኛ ትውልድ ነው፣ የአጎቱ ልጅ ከውጭ የላከችለት። ዲስክ ሊያስቀይር አንድ ቦታ ሰጠው። አዲሱ አልነሳ አለ። ሠሪዎቹ ባዮስ ውስጥ ገብተው ያገኙትን ሁሉ ለዋወጡ። ያልተፈቀደ ማስነሻ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡት አጠፉ፣ ቲፒኤሙንም አጸዱ። ሲሰለቻቸው የድሮውን ዲስክ መልሰው «እንደነበረ ነው» ብለው ሰጡት።

እንደነበረ አልነበረም። ቤቱ ሄዶ ሲያበራው ሰማያዊ ገጽ መጣና 48 አሃዝ ቁጥር ጠየቀው። ቢትሎከር ነው፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ዲስኩ ድሮም በምስጢር ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን በዝምታ የምትሰጠው ቲፒኤሟ ነበረች። ስትጸዳ ረሳችው። የአንድ ሴሚስተር ውጤትና የማስተርስ ጽሑፉ ውስጥ አለ። ይህን ቁጥር ማንም ሠሪ ገምቶ አያገኘውም፣ እከፍተዋለሁ የሚል ካለም ብራችሁን ያዙ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱ ደግሞ የእሱ አይደለም፣ የአጎቱ ልጅ ነው።

ደወልኩላት እያለ ሁለት ቀን ነገረኝ። እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ቀን ነው፣ ፓስወርዱንም ረስታዋለች፣ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከውም በዘጋችው ስልክ ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ተገኘ። በስልክ እያነበበችለት፣ እሱ በስድስት በስድስት አሃዝ ስምንት ቦታ ከፍሎ እየጻፈ፣ አንዴ 3ን 8 ብሎ ተሳስቶ እንደገና ከመጀመሪያው። ተከፈተ።

ቁጥሩን አሁን ደብተር ጀርባ ላይ ጽፎታል። ባለፈው ሳምንት አገኘሁትና ደብተሩ የት እንዳለ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበ።

«ስካን አድርጌዋለሁ» አለኝ። «ላፕቶፑ ውስጥ ነው።»